ገመድ የያዘ አይሳፈርም

በ2016 ዓ.ም. ሰባ አራት ዓመቴ ነበር። ነሐሴ ውስጥ፣ በፍልሰታ ጾም፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቶሮንቶ ምዕራብ ዳር ዌስተን ካለው ቤቴ ተነስቼ ሚስ ኦርሊን የሚባሉ የሰማንያ ስድስት ዓመት አሮጊት ውሃ ላይ በሚያርፍ አውሮፕላን ላሳፍር ሄድኩ። ልጃቸው አይሆንም ብሏል። የእኔም ልጅ አይሆንም ብላለች። ሐኪማቸው ብቻ «መቀመጥ ከቻሉ መብረር ይችላሉ» ብሏቸው ነበር፤ ይህን ግን ማንም መስማት አልፈለገም።

ቅዳሜ የሆነበት ምክንያት አለው። ሚስ ኦርሊን ሰኞ የአረጋውያን መኖሪያ ይገባሉ። እዚያ ከገቡ ለመውጣት የልጃቸው ፊርማ ያስፈልጋል። ልጃቸው ደግሞ ለአውሮፕላን እንደማይፈርም ምሏል። ስለዚህ ወይ ቅዳሜ፣ ወይ ጭራሽ።

ዋዜማውን ልጄ ሶስና ኮል አደረገችልኝ።

«አባዬ፣ ሲሪየስ ነህ? ሴትየዋ እኮ ኤይቲ ሲክስ ናት!»

«ናት ትያለሽ? እናትሽን የምታህል ሴት?»

«ኦኬ፣ ናቸው። አንድ ነገር ቢሆኑስ? ማነው ሪስፖንሲብሉ?»

«እኔ።»

«አንተ? ደረጃ ስትወጣ እኮ መሃል ላይ ታርፋለህ።»

«አርፌ ግን እወጣለሁ» አልኳትና ዘጋሁት።

ከዌስተን ወደ ስካርቦሮ

ጠዋት ከኤርፖርት የሚመጣውን ባቡር ያዝኩ። ሰዉ ሁሉ ሻንጣውን በጉልበቱ መሃል አስገብቶ ያንቀላፋል። የእኔ ዕቃ አንድ ፌስታል ነው፤ ውስጡ ቆሎ፣ ሁለት ብርቱካንና ሹራብ። መሃል ከተማ ወርጄ በምድር ባቡር ወደ ምሥራቅ፣ ከዚያ ደግሞ አውቶቡስ። የስካርቦሮው ባቡር ከቆመ ወዲህ ሰው በአውቶቡስ ነው የሚንገላታው። ቶሮንቶን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ድሮ ከአገር አገር መሄድ ነበር።

አውቶቡሱ ላይ የሆስፒታል ልብስ የለበሰች ያገሬ ልጅ ተነስታ አስቀመጠችኝ።

«አባባ፣ ወዴት ነው?»

«ሰው አውሮፕላን ላሳፍር።»

ዓይኗ ፈጠጠ። «ኤርፖርቱ እኮ በዚያኛው በኩል ነው! ተሳስተዋል።»

«ይሄኛው ኤርፖርት የለውም። ውሃ ላይ ነው የሚነሳው።»

ልጅቷ አየችኝ፣ ፌስታሌን አየች፣ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አባባ፣ ለቤተሰብ ኮል ላድርግልዎት?» አለችኝ። ደግ ልጅ ናት፤ አእምሮውን የሳተ ሽማግሌ መስዬአት ነው። ቆሎ ሰጠኋትና ትቆረጥም ጀመር።

መንገዱ ረጅም ስለሆነ ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

«ሚዛን» የሚባለው አየር መንገድ

እኔ በመርከብ ሠራተኛነት ከአሰብ የወጣሁ ሰው ነኝ። መርከባችን ካሪቢያን ውስጥ ካርታ ላይ የቀለም ጠብታ የምታክል ደሴት ስትደርስ ወረድኩና አልተመለስኩም። ለምን እንዳልተመለስኩ የዚያን ዘመን ሰው ያውቀዋል፤ ያልነበረ ደግሞ ቢነገረውም አይገባውም።

እዚያ ካፒቴን ኮንራድና ባለቤታቸው ሚስ ኦርሊን ሁለት ትንንሽ አውሮፕላን ነበሯቸው። አውሮፕላኖቹ ከሥራቸው ጎማ የላቸውም፤ በጎማው ፈንታ ታንኳ የሚመስል ጥንድ መንሳፈፊያ አላቸው። በዙሪያው ያሉት ደሴቶች ማረፊያ ሜዳ የላቸውምና አስተማሪ ይሁን፣ ምጥ የያዛት ሴት ትሁን፣ የሙሽራ ኬክ ይሁን፣ የሬሳ ሣጥን ይሁን፣ በእነዚያ ነው የሚሄደው። ባልየው ያበርራሉ፤ ሚስትየው ወደቡን ይገዛሉ። እኔ የገመድ ሰው ነበርኩ። ጠዋት መንሳፈፊያው ውስጥ የገባውን ውሃ በእጅ ፓምፕ አወጣለሁ፤ አውሮፕላኗ ስትመጣ ገመዷን ይዤ ስቤ አስራታለሁ፤ ስትሄድ ፈትቼ ጅራቷን እገፋለሁ።

የድርጅቱ ስም ረጅም ነበር። ሰው ግን «ሚዛን» ይለው ነበር። ወደቡ ላይ ድሮ ሙዝ ይመዘንበት የነበረ የቆመ ሚዛን ነበረ፤ በዚያ ላይ ሳይወጣ የሚሳፈር የለም። ሚስ ኦርሊን ክብደቱን በፓውንድ ያነቡና ለባላቸው እንዲሰማ በሙሉ ድምፃቸው ይጮኻሉ። ቄሱ መጡ፣ «ሁለት መቶ አሥር!» ሙሽራዋ መጣች፣ «መቶ ሰባ፣ ቀሚሱ ለብቻው ይሂድ!» ሰዉ ለመሳቅ ብቻ ወደቡ ላይ ይሰበሰባል። ስቀንም ግን አንድ ሰው አላሰጠምንም። አንድም።

ሌላ ሕግም ነበራቸው። አንድ ጊዜ ገመድ የያዘ ሠራተኛ መጨረሻ ላይ ዘሎ ሲሳፈር አውሮፕላኗ ማንም ሳይገፋት ተንሳፍፋ ከአለት ተጋጭታለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ገመድ የያዘ አይሳፈርም» ተባለ። ታዲያ ወንበር ጎድሎ ሰው ሲጨቃጨቅ ሚስ ኦርሊን ራሳቸው ገመዱን ከእጄ ወስደው ያዙና «እኔ ይኸው ቀረሁ» ይላሉ። እንዲህ ሲሉ፣ እንዲህ ሲሉ፣ በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን ሳይበሩ ቀሩ። እኔም አልበረርኩም። ወደ ካናዳ የመጣሁበትን ትልቁን አውሮፕላን አልቆጥረውም፤ እሱ ሕንፃ ነው።

አንድ ቀን ሚኒስትሩ መጡ። ሁለት አጃቢና ብዙ ሻንጣ ይዘው።

«ሚዛኑ ላይ ይውጡ» አሏቸው ሚስ ኦርሊን።

«ሚኒስትር አይመዘንም።»

«እንግዲያው ሚኒስትር አይበርም።»

ሚስ ኦርሊን ዞር ብለው ፍየሏን ይዛ የቆመች አንዲት ባልቴት ጠሩ። ፍየሏ ተመዘነች፤ ክብደቷ ተጮኸ፤ በሚኒስትሩ ወንበር ፍየሏ በረረች።

በዓመቱ የድርጅቱ ፈቃድ አልታደሰም። አንደኛዋን አውሮፕላን ማዕበል ወሰዳት፣ ሁለተኛዋ ተሸጠች፣ ካፒቴን ኮንራድም ብዙ አልቆዩም። «ያን ቀን ዝም ብትዪ ኖሮ» የሚሏቸው ዘመዶች ነበሩ። እሳቸው «ሚዛኑ ለሁሉም አንድ ነው» ይላሉ፤ ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ከልጃቸው ጋር ቶሮንቶ መጡ፤ እኔንም በቤተ ክርስቲያናቸው በኩል አስመጡኝ። ኢቶቢኮ መጋዘን ውስጥ ሳጥን ስጭን አረጀሁ። ደሴቷ ላይ ዛሬ ትልቅ ኤርፖርት አለ፤ በሚኒስትሩ ስም ነው የተሰየመው። ስለ «ሚዛን» የተጻፈ ነገር ስጠይቅ ግን የለም አሉኝ። የለም? እንግዲያው እኔ ጻፍኩት፤ ፊደሌ የተንጋደደ ነው የሚል ካለ አቃንቶ ያንብበው።

በሩ ላይ

ስካርቦሮ ስደርስ ሚስ ኦርሊን ለብሰው ጨርሰዋል። ባርኔጣ፣ ሰማያዊ ቀሚስ፣ ያንን የድሮ ጫማ። ልጃቸው ዴዝሞንድ በሩን ሞልቶ ቆሟል። ሃምሳን ያለፈ፣ ሰፊ ሰው ነው።

«አንክል ይልማ፣ በሰላም ይመለሱ። እናቴ የትም አትሄድም።»

«እሳቸውን ልስማ።»

«ዴዝሞንድ» አሉ ሚስ ኦርሊን ከኋላው፣ «ከበሩ ዘወር በል። ሁለት መቶ ስድሳ ፓውንድ በር ላይ አይገተርም።»

«ሁለት መቶ አርባ ነኝ!»

«ጫማህን ረስተኸዋል።»

ዴዝሞንድ ወደ እኔ ዞረ። «በምን ሊወስዷት ነው?»

«በአውቶቡስ። ከዚያ በሌላ አውቶቡስ።»

«ለአንድ አሮጌ ምኞት ሊገድሏት ነው?»

«ምኞት አያረጅም» አልኩት። «እኔና እሳቸው ነን ያረጀን።»

ሚስ ኦርሊን በክንዱ ሥር ሾልከው ወጡና አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ሄደው ቆሙ። ዴዝሞንድ ባርኔጣቸውን ከሩቅ አይቶ አይቶ ቁልፉን አነሳ። «እኔ እነዳለሁ። ሐሳቧን ስትቀይር የሚመልሳት ሰው ያስፈልጋል።» የልብ መድኃኒታቸውን ኪሱ ከቶ ወጣ።

ወደ ሰሜን

401 የሚሉት አውራ ጎዳና እንደ ልማዱ ተጨናንቋል። 400ን ይዘን ወደ ሰሜን ስንዞር ደግሞ ሰዉ ሁሉ ጀልባ እየጎተተ ወደ ሐይቅ ይሸሻል። ባሪ ከተማ አካባቢ ለምሳ ቆምን። ስድስት ሰዓት አልፎ ስለነበር የድንች ጥብስ ፈለግኩ፤ የዋጋው ነገር አይነሳ፣ ዌስተን አንድ ከረጢት ድንች ይገዛል።

«ዘይቱ ሥጋ ነክቶታል?» ብዬ ገንዘብ ተቀባዩን ጠየቅኩት።

«ሰር» አለኝ ልጁ፣ «እዚህ ቤት ሁሉም ነገር ሁሉንም ነክቶታል።»

ለእውነቱ አመስግኜው ቆሎዬን በላሁ። ዴዝሞንድ ሁለተኛውን ሀምበርገር ሲጀምር እናቱ ትኩር ብለው አዩት።

«ብላ፣ ብላ። በኋላ ሚዛን አለ።»

«እኔ አልሳፈርም!»

ከባሪ ወዲያ አገሩ ይለወጣል። መንገዱን ለማውጣት የተቆረጠው ድንጋይ በግራና በቀኝ እንደ ሥጋ ቀላ ብሎ ይታያል፤ በላዩ ጥድ፣ ከጥዱ ኋላ ውሃ፣ ከውሃው ኋላ ደግሞ ጥድ። ሚስ ኦርሊን መስኮቱን አስከፍተው ነፋሱን በመዳፋቸው ይመዝናሉ። «ነፋስ የለም» አሉ።

ዴዝሞንድ መሪውን እንደያዘ ድንገት ተናገረ። «ያውቃሉ አንክል፣ ልጅ ሆኜ በየቀኑ ወደቡ ላይ እቆም ነበር። ዛሬ ልሳፈር ስላት፣ ወንበሩ ተይዟል ትለኛለች። ነገስ? ነገም ተይዟል። አንድ ቀን ሚኒስትሩ ቀሩ። ወንበር ተገኘ ብዬ ሮጥኩ።» መሪውን በመዳፉ መታ። «ፍየል አስገባች። እናቴ በእኔ ወንበር ፍየል አስገባች!»

«ባልቴቷ ከፍላ ነበር» አሉ ሚስ ኦርሊን።

«ስድስት ዓመቴ ነበር፣ ማሚ።»

ሚስ ኦርሊን ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

ሐይቁ ዳር

የእንጨት ወደብ፣ ትንሽ ቢሮ፣ ተራ የሚጠብቁ ጥቂት አገር ጎብኚዎች። አብራሪዋ ጸጉሯን የጎነጎነች ወጣት ሴት ናት። ለሁለት ሰው ነበር ያስያዝኩት፤ ለሚስ ኦርሊንና ለእኔ። አብራሪዋ ጠጋ ብላ ክብደታችንን በጆሮ ጠየቀች።

«ምን ታንሾካሽኪያለሽ?» አሉ ሚስ ኦርሊን። «ሚዛኑ የት ነው?»

ሚዛኑ የመታጠቢያ ቤት ሚዛን ነው፤ ከቢሮው በር አጠገብ። ሚስ ኦርሊን ወጡበት፣ አጎንብሰው አነበቡ፣ ቀና አሉ። «መቶ አሥራ ስምንት!» ሐይቁ መለሰው። ተራ ጠባቂዎቹ ዞሩ። እኔ ወጣሁ። «መቶ ስልሳ ሁለት፣ ከቆሎው ጋር!» አንዱ አጨበጨበ።

ይሄኔ ዴዝሞንድ ከኋላ መጣ። ላቡ ፊቱን አጥቦታል። «መድኃኒቱን የማውቀው እኔ ነኝ። ብቻዋን አትሄድም። እኔም እገባለሁ።» ሚዛኑ ላይ ወጥቶ ቁጥሩን በእግሩ ሊደብቅ ሞከረ።

«ሁለት መቶ ስድሳ ሦስት!» አሉ እናቱ። «አላልኩም?»

አብራሪዋ ውሃውን አየች። ሐይቁ እንደ መስታወት ረግቷል፤ ቀኑ ይጋግራል። እንዲህ ሲሆን ውሃ እንደ ሙጫ ነው፣ መንሳፈፊያውን አይለቅም፤ ይህን እኔም ሚስ ኦርሊንም እናውቀዋለን፤ እሷም ታውቀዋለች። «ሦስት ሰው ዛሬ አላነሳም» አለች። «ሁለት። አንድ ሰው ይቀራል።»

ያን ጊዜ ፊተኞቹን በሌላ አብራሪ የወሰደችው ቢጫ አውሮፕላን ሞተሯን አጥፍታ ወደ ወደቡ ተንሸራታ መጣች፤ ከመንሳፈፊያዋ ላይ ገመድ ተንጠልጥሏል። የወደቡ ሠራተኛ በወዲያኛው ጫፍ ነበር። ወገባቸውን ሞት ይርሳው፣ ሚስ ኦርሊን አጎንብሰው ገመዱን ቀለብ አደረጉት! እጃቸው ነው የያዘው፤ እሳቸው አላሰቡም። ስበው፣ አለስልሰው፣ አቆሟት። ሊበሩ የመጡ ሴት ናቸው።

ከዚያ ገመዱን አዩት። ሳቁ።

«በቃ» አሉ። «ገመድ የያዘ አይሳፈርም። ዴዝሞንድ ይግባ፣ ያኔ ፍየል ቀድማዋለች። ይልማ፣ አንተም ግባ። እኔ ቀረሁ።»

«ማሚ፣ ኖ!»

«ሕግ ነው።»

ፊታቸው ላይ ቅሬታ የለም። እሱ ነው ያናደደኝ። ዕድሜ ልክ ለሰው ወንበር የለቀቀ ሰው፣ የመጨረሻዋን ሲለቅ እንኳ አይታወቀውም። ቀርቤ ገመዱን ያዝኩ።

«ይልቀቁ፣ ሚስ ኦርሊን።»

«አለቃህ ማነው?»

«ድርጅቱ ተዘግቷል። አለቃ የለኝም።»

«በሞቴ፣ ይልማ» አሉኝ። ይህችን ቃል እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው፤ ወደቡ ላይ ዓሣ ስንበላ የመጨረሻዋን ጉርሻ የምሰጣቸው በሷ ነበር። ባገሬ ሰው በሞቴ ከተባለ እሺ ይላል። እምቢ ያለ ባለጌ ነው።

«ባለጌ ነኝ» አልኩ። «ሞትዎንም አይጥሩብኝ። ይልቀቁ!»

አልለቀቁም። ተጓተትን። ሁለት ያረጀን ሰዎች፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አንድ ገመድ። አገር ጎብኚዎቹ ስልካቸውን አወጡ። አብራሪዋ «ሰር፣ ሰር» ትላለች። የአሮጊቷ ጉልበት ለጉድ ነው፤ እኔ ግን ጠዋት ቤቴን የዘጋሁት ለዚህ ነው። ጣታቸውን አንድ በአንድ አላቅቄ ገመዱን በእጄ ጠቀለልኩት።

«አሁን ገመዱን የያዘው ማነው?»

ባዶ እጃቸውን አዩ።

«ማነው?»

«አንተ።»

«ሕጉስ ምን ይላል?»

እኚያ ወደብ የሚያናውጥ ድምፅ የነበራቸው ሴት፣ ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው ያህል «ገመድ የያዘ አይሳፈርም» አሉ። ዴዝሞንድ በክንዱ ደግፎ አስገባቸው። ቀበቷቸውን አስሮላቸው አጠገባቸው ተቀመጠ፤ አብራሪዋም ገባች።

ገመዱን ጠቅልዬ መንሳፈፊያው ላይ አስቀመጥኩና ጅራቷን ገፋሁ። አንድ ጫማዬ ውሃ ገባ፤ ይግባ። አውሮፕላኗ ሐይቁ መሃል ድረስ ሄደች፣ ዞረች፣ ጮኸች። ውሃው ይዟት ነበር፤ ያዛት፣ ያዛት፣ አንዱ መንሳፈፊያ ተላቀቀ፣ ሌላውም ተላቀቀ። ከጥዱ በላይ ሆነች።

ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ። ሚስ ኦርሊን ወርደው ወደቡ ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ። የሚሉትን ጠበቅኩ።

«ከላይ አየሁህ» አሉኝ። «እጅህን ኪስህ ከተህ ቆመሃል። ሥራ ላይ እጅ ኪስ አይከተትም።»

ከዚያ ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው አለቀሱ። ዴዝሞንድ ትከሻቸውን አቅፎ ውሃውን እያየ «ፍየሏ ያየችውን አሁን አየሁ» አለ።

ወደ ቤት

ስንመለስ እሳቸው ከኋላ ተኙ። ባሪ ስንደርስ ዴዝሞንድ ቀስ ብሎ «አንክል፣ የእርስዎ ወንበርስ?» አለኝ።

«እኔ የገመድ ሰው ነኝ።»

«በሚቀጥለው ገመዱን እኔ እይዛለሁ። ለእሷም ፈርሜ አወጣታለሁ። መጥታ ክብደትዎን ትጩህ።»

ሰው አድርሶኝ አያውቅም፤ እሱ ግን ዌስተን ድረስ አደረሰኝ። ሶስና በሬ ላይ ቆማ ነበር። ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «አባዬ፣ ጫማህ ርሷል።»

«ርሷል።»

«በረሩ?»

«በረሩ።»

ተቆጥታ ነበር፤ ግን ጫማዬን አውልቃ ወረቀት ጠቅጥቃ አደረቀችልኝ።

ከዚህ መንገድ የተማርኩትን ልናገር። ታላቅን ማክበር ማለት ያለውን ሁሉ እሺ ማለት ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ሚስ ኦርሊንን እንደዚያን ቀን አክብሬያቸው አላውቅም፤ ገመዱን የነጠቅኳቸውም ለዚህ ነው። ሽማግሌ ቤቱ ይቀመጥ የምትሉም፣ ቤት መቀመጡን እናንተ ሞክሩት።

በማግስቱ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ ወደ ሐይቁ ደወልኩ። ስሜን ነገርኳት።

«ክብደትዎ ሰር? በግምት ይበቃል።»

«በግምት አይበርም። ቆይኝ» አልኩና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ሶስና ለስኳር በሽታዬ የገዛችልኝ ሚዛን ላይ ወጣሁ፣ አጎንብሼ አነበብኩ፣ ቀና አልኩ፣ እዚያው እንደቆምኩ፣ ስልኩ ድረስ እንዲሰማ፣ ጎረቤቱም ይስማ፣ ደረቴን ነፍቼ ጮህኩ፦

«መቶ ስልሳ አንድ! ያለ ቆሎ!»